ቤልጅጉ የዋጠው እርሳስ፦ የአንድ አሮጌ ጠመንጃ የጉዳይ ጥናት ከምሥራቅ ጎጃም

ጠመንጃው ወደ እኔ የመጣው በነጠላ ተጠቅልሎ ነው። ያመጡት ሰው ቢቸና አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባ ይሆናል። የባለቤቴ አጎት ስለሆኑ «አያ» ነው የምላቸው። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ አስተምራለሁ። ቶርኖና ሞርሳ፣ ካሊፐርና ማይክሮሜትር እንጀራዬ ናቸው፤ ጠመንጃ ግን ሙያዬ አይደለም። አያ ወደ እኔ የመጡት ዘመድ በመሆኔና መለኪያ ያለው ሰው በመሆኔ ነው።

«ልጄ፣ ይህ የአባቴ ቤልጅግ ነው» አሉኝ። «ልተኩስበት አይደለም። ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ለልጅ ልጆቼ ላቆየው ነው። ውስጡ ግን ታሟል፤ እስቲ እየው።»

ፈቃዱን ጠየቅኳቸው፤ ከኪሳቸው አወጡ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ወረቀቱን ሳያዩ የሰው ጠመንጃ እጅ ላይ ማኖር አይገባም። ቀጥሎ ባዶ መሆኑን ሁለታችንም አይተን የኋላ መዝጊያውን አወጣንና አያ በኪሳቸው ያዙት። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ነበር።

ከጠመንጃው ጋር አንዲት የቆዳ ኮሮጆ አለች። በውስጧ ስድስት የእርሳስ አረሮችና የቀለጠ እርሳስ የሚፈስበት፣ በሁለት ግማሽ የሚገጠም የናስ ቅርጽ ማውጫ ነበሩ። ባሩድ ያለበት ነገር አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ ሥራውን አልጀምረውም ነበር። ይህ ጽሑፍ የእነዚያ ስድስት አረሮችና የአንድ በርሜል ጉዳይ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ የእርሳስ አረር ከጀርባው የመዳብ ሽፋን የሚያስፈልገው መቼ ነው? እኔ መልሱን በመጀመሪያው ቀን ያወቅኩት መስሎኝ ነበር። ተሳስቼ ነበር፤ የተሳሳትኩበት መንገድ ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ከነስህተቴ አስቀምጠዋለሁ።

ሀገራችን «ቤልጅግ» የምትለው በመውዘር አሠራር ቤልጅግ ሀገር ኤፍኤን ፋብሪካ የተሠራውን ጠመንጃ ነው። የኃይለ ሥላሴ መንግሥት በ1920ዎቹ በገፍ ያስመጣው ይህን ነበር። የሚጎርሰው 7.92 ሚሊሜትር የሚባለውን ጥይት ነው፤ ይህ ስሙ እንጂ የአረሩ ውፍረት አይደለም። በርሜሉ ውስጥ አራት ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ፤ አረሩ በእነሱ ላይ ተነክሶ እየተሽከረከረ ይወጣል። ከቦይ ግርጌ እስከ ቦይ ግርጌ ያለው ስፋት 8.20 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፋብሪካው ለዚህ ጠመንጃ የሚያወጣው አረር ውስጡ እርሳስ ቢሆንም ላዩ በሙሉ ጠንካራ የብረት ልባስ አለው። እርሳሱ በርሜሉን አይነካም ማለት ነው።

የአያ አባት አረሮች ግን ልባስ የላቸውም፤ እንዳሉ እርሳስ ናቸው።

ታሪኩን አያ እንዲህ ነገሩኝ። ጊዜው 1960 ዓ.ም. ነው፤ ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተነሣችበት ዓመት። እሳቸው ያኔ ከብት ጠባቂ ልጅ ነበሩ። የፋብሪካ ጥይት ከገበያ ጠፋ፣ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም ነበር። አባታቸው የተተኮሰ ቀለህ አይጥሉም፤ አንድ ብረት ሠሪ ናሱን ቆርጦ ቅርጽ ማውጫውን ሠራላቸው። እርሳሱን ያገኙት ከአሮጌ የስልክ ገመድ ልባስ ነው። ባሩዱን ከሌላ ጥይት እየፈቱ ያወጡታል። አረሩን ሰምና ሞራ አቅልጠው ይቀቡታል።

«ጭስ ነበረው?» አልኳቸው።

«የለውም። ውጅግራ ሲተኮስ ደመና ነው የሚያወጣው፤ ይሄ ግን እንደ ፋብሪካው ነበር።»

ይህች መልስ ቀላል አይደለችም። ጭስ የለውም ማለት ባሩዱ ጥቁሩ ሳይሆን የዘመናዊው ዓይነት ነው ማለት ነው፤ ግፊቱም ሌላ ነው። ከማን ጥይት እንደተፈታ የማይታወቅ ባሩድ በሌላ ጠመንጃ ቀለህ መሙላት የሰው ዓይንና እጅ የሚያጠፋ ነገር ነው። አባታቸው ሳይጎዱ ማለፋቸው የእግዜር ቸርነት ነው።

«አባባ ቁልቋል ላይ እየተኮሱ ይሞክሩት ነበር» ብለው ቀጠሉ አያ። «መጀመሪያ ደህና ነበር። አራት አምስቴ ከተኮሱ በኋላ ግን ይስት ጀመር። የቁልቋሉ ቅጠል ላይ ያለው ቀዳዳም ክብ መሆኑ ቀረና እንደ ሎሚ ሞላላ ሆነ። አባባ ‹ጠመንጃዬ ከዳኝ› ብለው ሰቀሉት።»

ቀዳዳው ሞላላ የሆነው አረሩ በአፍንጫው ሳይሆን በጎኑ ስለመታ ነው። ሽክርክሪቱን ያጣ አረር በአየር ላይ ይገለባበጣል። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ይህን አይቶ ሃምሳ ምናምን ዓመት በልቡ መያዙ በጣም ነው የገረመኝ፤ ያለዚያ ምስክርነት ምርመራዬ ጎደሎ ይሆን ነበር።

የመጀመሪያ ፍርዴ

በርሜሉን በቀጭን የፍተሻ ካሜራ አየሁት። ቀለሁ ከሚቀመጥበት ክፍል ወዲያው ቀጥሎ፣ የአንድ ስንዝር ያህል ርዝመት፣ ቦዮቹ በእርሳስ ተሞልተዋል። እርሳሱ እንደ ቀለም የተቀባ አይደለም፤ እንደ ደረቀ ጭቃ ተደራርቦ የተለጠፈ ነው፤ በቦዮቹ ጠርዝ ላይ ደግሞ ወፍራም መስመር ሆኖ ይሄዳል። ከዚያ ወደ አፈሙዙ ሲኬድ እየሳሳ ይጠፋል። የአፈሙዙ ጫፍ ዝገት ቢኖረውም እርሳስ የለበትም።

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ የሚኖር የእህቴ ልጅ አለኝ። እዚያ ሀገር እርሳስ አቅልጦ የራስን አረር ማውጣት በሕግ የተፈቀደ የብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ እሱም በመተኮሻ ሜዳ ላይ በአሮጌ መውዘር ይህንኑ ይሠራል። ሥዕሉን ላክሁለትና ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ጋዝ ቼክ ሳያደርጉ በዘመናዊ ባሩድ ተኩሰውት ነው» አለኝ ወዲያው።

ጋዝ ቼክ የሚሉት ከመዳብ የተሠራች፣ የውፍረቷ ልክ ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ ትንሽዬ ጽዋ ናት። በአረሩ ጀርባ ትገባለች፤ ጠርዟ ተጨምቆ እርሳሱን ይነክሳል። ፈረንጆቹ «ጋዝ ከልካይ» ማለታቸው ነው። እኔ የመዳብ ጫማ እላታለሁ፤ አረሩ የሚገፋው በእሷ ላይ ቆሞ ነውና። ሥራዋ አንድ ብቻ አይደለም። የአረሩ የኋላ ጠርዝ በግፊት እንዳይሸራረፍ ትጠብቃለች። ከእርሳስ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነች ጠመዝማዛ ቦዩን አጥብቃ ትይዛለች፣ አረሩም እንዳይንሸራተት ትረዳለች። በስተመጨረሻም ከፊቷ የተለጠፈ ጥቂት ነገር ካለ እየፋቀች ትወጣለች።

የሚሠሩባት ሰዎች የያዙት ልማድም አለ፦ አረሩ በሰኮንድ ከ430 እስከ 450 ሜትር በታች የሚሄድ ከሆነ እርሳሱ ያለ ጫማ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጫማ ይፈልጋል። የቤልጅግ የፋብሪካ አረር በሰኮንድ ከ700 ሜትር በላይ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እኔም የእህቴ ልጅ ያለውን ተቀብዬ ማስታወሻዬ ላይ «ምክንያት፦ ጫማ አለመኖር» ብዬ ጻፍኩ። ጉዳዩ የተዘጋ መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ሳይዋጥልኝ ቀረ። እርሳሱ ለምን ከመጀመሪያው ስንዝር ላይ ብቻ? አረሩ የሚፈጥነው እኮ ወደ አፈሙዙ ሲቃረብ ነው። ፍጥነት ብቻውን ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ እርሳሱ ወደ ጫፉ መብዛት ነበረበት። ቅባቱ ያለቀ እንደሆነም እንዲሁ፤ የቅባት እጥረት የሚታየው በአፈሙዙ በኩል ነው። የእኛ በርሜል ግን አፉ ንጹሕ፣ ጉሮሮው ታንቋል።

ጽዳቱ

ለመለካት መጀመሪያ ማጽዳት ነበረብኝ። አንድ ባልደረባዬ ኮምጣጤና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ እኩል ቀላቅለህ አፍስስበት፣ እርሳሱን ይበላልሃል አለኝ። እውነት ነው፣ ይበላዋል። የሚወጣው ግን በውኃ የሚሟሟ የእርሳስ ጨው ነው፤ ይህ ደግሞ ከደረቅ እርሳስ እጅግ የከፋ መርዝ ነው፤ ብረቱንም ያቆስላል። ልጆች በሚሮጡበት ግቢ ይህን አላደርገውም። ማንም እንዲያደርገው አልመክርም።

በርሜሉን በላምባና በቀጭን ዘይት ሞልቼ አንድ ሌሊት አሳደርኩት። በማግሥቱ በነሐስ ብሩሽ ላይ የመዳብ ክር ጠቅልዬ ከኋላ ወደ ፊት መግፋት ጀመርኩ። መጀመሪያ ጥቁር ዘይት ብቻ ነበር የወጣው። በሃያኛው ይሁን በሠላሳኛው ግፊት ላይ እጄ ቀለል አለኝ፤ ከአፈሙዙ ሥር ባነጠፍኩት ነጭ ወረቀት ላይ ረጅም ቅራፊ ወደቀ። እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳ ነው፤ በአንድ በኩል የብረቱ መፋቂያ መስመር ታትሞበታል፣ በሌላው በኩል ለስልሶ ያብረቀርቃል። በጉጠት አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁት። መሐሉ ላይ ልክ ዝናብ የሸረሸረው ቁልቁለት የመሰሉ ጥቃቅን ፈለጎች ነበሩ። ጋዙ ያለፈባቸው መንገዶች ናቸው። ሐሳቤ የተለወጠው ያን ጊዜ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ በርሜሉ ጸዳ። ቅራፊውን ሁሉ ክዳን ባለው ጠርሙስ አኖርኩት፤ ጓንቴን ጣልኩ፣ እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ፣ የሠራሁበትን ጠረጴዛ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። እርሳስ ሽታ የለውም፣ አያቃጥልም፤ ለዚህ ነው ሰው የሚንቀው። በተለይ የልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም።

ልኬቱ

ለስላሳ እርሳስ አድቦልቡዬ፣ ዘይት ቀብቼ፣ በእንጨት ዘንግ ቀስ እያልኩ በርሜሉ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፍኩት። እንዲህ ያለው እርሳስ የበርሜሉን ማኅተም ይዞ ይወጣል። ማይክሮሜትሩን ሳልጫን ለካሁት፤ ከቦይ እስከ ቦይ 8.22 ሚሊሜትር ሆነ። ለአሮጌ ቤልጅግ ደህና ልክ ነው።

ከዚያ ስድስቱን አረሮች ለካሁ። ትልቁ 8.11፣ ትንሹ 8.09።

ወረቀቱን ትቼ ቆምኩ። የፋብሪካ አረር የቦዩን ልክ ይዞ የሚሄድ ነው፤ እርሳስ አረር ደግሞ ከቦዩ ልክ ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊሜትር መብለጥ አለበት፤ ያኔ ነው ሲገፋ ተጨምቆ በሩን ሁሉ የሚዘጋው። የእኛ አረር ግን በአንጻሩ 0.12 ይጎድላል። በዙሪያው በእያንዳንዱ ጎን 0.06 ሚሊሜትር ክፍተት አለ ማለት ነው። የወረቀት ውፍረት አታክልም፤ ለጋዝ ግን ሰፊ ጎዳና ናት።

በጮቄ ተዳፋት ያረሰ ሰው ይህን ለመረዳት መምህር አያሻውም። ክረምት ላይ ጎርፉ በእርከኑ ላይ ወጥ ሆኖ ሲገፋ እርከኑ ይችለዋል። አንዲት የአይጥ ጉድጓድ ካገኘ ግን በዚያች ይሾልካል፤ ሲሾልክ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን አፈሩን ይዞ ይሄዳል፤ በማግሥቱ ቦረቦር ሆኖ ይገኛል። ጋዙም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው የእርሳሱ ጀርባ በእሳቱ ሙቀት ቀልጦ የሚለጠፍ ይመስለዋል። አረሩ በርሜል ውስጥ የሚቆየው ግን የሰኮንድ ሺኛ አንድ ወይም ሁለት ያህል ነው፤ ጀርባውን በሙሉ ለማቅለጥ አይበቃም። ድሮ በአረር ላይ የሚጠቀለለው ወረቀት ሳይቃጠል ተቆራርጦ መውጣቱ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጥፋቱ የሚደርሰው ጋዙ በአረሩ ጎን ሾልኮ ሲያልፍ ነው፤ ጠርዙን ይቆርጠዋል፣ ቅባቱን ጠርጎ ይወስዳል፣ የቆረጠውንም እፊት ያለው በርሜል ላይ ይለጥፈዋል። ግፊቱ ከፍ የሚለው ደግሞ አረሩ ከተነሣ ብዙም ሳይርቅ ነው። ጉሮሮው የታነቀው ለዚህ ነው።

ታዲያ አረሩ ለምን አነሰ? ብረት ሠሪው ሰነፍ ነበር? በጭራሽ። ቅርጽ ማውጫውን ገጥሜ ውስጡን ለካሁት፦ 8.18። ያ ሰው ያለ ማይክሮሜትር፣ የፋብሪካ አረር እያስጠጋ ሞክሮ፣ በናስ ላይ እንዲህ የቀረበ ልክ ማውጣቱ ትልቅ እጅ እንደነበረው ይናገራል። ያልተቆጠረለት የእርሳስ ጠባይ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይረጋል፤ ከዚያ እስኪበርድ ድረስ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይሸበሸባል። 8.18 ሲሸበሸብ 8.10 ገደማ ይሆናል። ስሌቱና ማይክሮሜትሩ ተስማሙ።

አያን ጠርቼ አሳየኋቸው። አንዱን አረር አንስተው ቅርጽ ማውጫው ውስጥ አስገቡና ሁለቱን ግማሽ ገጥመው በጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት። ተንኳኳ።

«ከዚህ የወጣ አይደለም እንዴ?»

«ከዚህ ነው የወጣው አያ። ሲበርድ ኮሰሰ።»

ደጋግመው አንኳኩት።

ጥንካሬው

የቀረኝ የእርሳሱ ዓይነት ነበር። በአንድ አረር ላይ ብቻ ለመጨከን አያን አስፈቀድኩ። ንጹሕነቱን የማውቀውን እርሳስ በአንድ በኩል፣ አረሩን በሌላ በኩል አድርጌ መሐላቸው 5 ሚሊሜትር የኩሽኔታ ኳስ አኖርኩና በሞርሳ ጨመቅኳቸው። ኳሷ ሁለቱንም በአንድ ኃይል ትጫናለች፤ የትኛው ይበልጥ እንደጎደጎደ የጉድጓዱ ስፋት ይናገራል። በንጹሑ ላይ 2.9፣ በአረሩ ላይ 2.8 ሚሊሜትር። ንጹሕ እርሳስ ብሪኔል በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ 5 ገደማ ነው፤ የስፋቶቹን ካሬ አካፍዬ ሳሰላው የእኛ አረር 5.4 ወጣ። የስልክ ገመድ ልባስ መሆኑ ተመሰከረ፤ ጥፍር የሚጭረው ለስላሳ ነው።

የጎሚስታ ቤት የጎማ ባላንስ እርሳስ አንቲሞኒ የሚባል የሚያጠነክር ማዕድን ስላለው 12 ገደማ ይደርሳል። ለድሮ ማተሚያ ቤት ፊደል የሚቀልጠው ሊኖታይፕ የሚሉት ቅይጥ 22 ገደማ ነው። አረር የሚያወጡ ሰዎች ይህን ቁጥር በ100 አባዝተው እርሳሱ የሚሸከመውን ግፊት በባር ይገምታሉ። ለስላሳው 500 ባር፣ የጎማ ባላንሱ 1,200 ባር አካባቢ ማለት ነው። የልማድ ስሌት ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሆኖም አቅጣጫ ያሳያል። የ7.92 ጥይት የግፊት ጣሪያ 3,900 ባር ነው። የአያ አባት ባሩድ ምን ያህል እንደነበር አይታወቅም፤ የዚህን ሲሶ እንኳ ቢሰጥ ለስላሳው እርሳስ ጠመዝማዛውን ተከትሎ ከመዞር ይልቅ እየተፋቀ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የቁልቋሉ ሞላላ ቀዳዳ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ውጅግራን ማንሳት ግድ ነው። አያ «እርሳስ እርሳስ ነው፤ ውጅግራ ዕድሜ ልኩን እርሳስ ሲተፋ ለምን አልታመመም?» ብለው ጠይቀውኛልና። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ የጎረቤታቸውን ውጅግራ አይቼዋለሁ፤ ውስጡ በዝገት ቢበሳሳም አንዲት የእርሳስ ጠብታ የለበትም።

ውጅግራ የፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» በእኛ አፍ የተለወጠበት ስም ነው። በፈረንጆች 1874 የወጣ፣ ዓድዋ ላይም በኢትዮጵያውያን እጅ በብዛት የነበረ ጠመንጃ። አረሩ 11 ሚሊሜትር፣ 25 ግራም ለስላሳ እርሳስ ነው፤ ከጀርባው 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ አለ። ፍጥነቱ በሰኮንድ 450 ሜትር ነው፤ ልክ ያቺ ልማድ ያስቀመጠችው ድንበር ላይ። ፈረንሳዮቹም እርሳሱን ራቁቱን አልለቀቁትም፤ ወረቀት ጠቅልለውበታል፣ ከባሩዱ ጋር እንዳይገናኝም የሰምና የሞራ ድቡልቡል በመሐል አኑረዋል። ጥቁሩ ባሩድ ሲፈነዳ ለስላሳውን አረር ከኋላ ይወቅጠዋል፤ አረሩ አጥሮ ይወፍርና በርሜሉን ይሞላል። ልስላሴው እዚያ ጥቅም ነው። የመዳብ ጫማ ለውጅግራ ትርፍ ወጪ ነው።

ይኸው ሀገር ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1886፣ ጭስ በሌለው ባሩድ የሚሠራውን የለበል ጠመንጃ ሲያወጣ ራቁት እርሳስ አልተቻለም። ፍጥነቱ ከ600 ሜትር አለፈ፤ አረሩን ሙሉ በሙሉ ማልበስ ግድ ሆነ። ልባሱን ከጥቂት ዓመት በፊት ስዊዛዊው ሩቢን ሞክሮት ነበር። የመዳብ ጫማ እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለች ናት፤ ከራቁት እርሳስ በላይ፣ ከሙሉ ልባስ በታች።

የኮሎራዶው ሙከራ

ልኬቴን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ዝም አለ፤ ከዚያ «እንግዲያው ጫማውም ባላዳነው ነበር፤ ልሞክረው» አለ። እኔ እዚህ አንዲት ጥይት አልተኮስኩም። እሱ ግን በራሱ መውዘር፣ በመተኮሻ ሜዳው፣ ለራሱ ጠመንጃ ከታተመ የአሞላል ሠንጠረዥ ሳይወጣ አራት ዙር አደረገ፤ በየዙሩ አሥር፤ በየመሐሉ በርሜሉን እያጸዳ። እርሳሱ የጎማ ባላንስ ላይ ጥቂት ቲን የተጨመረበት ነው።

በመጀመሪያው ዙር ልኩ የሞላ፣ 8.24 ሚሊሜትር የሆነ አረር ያለ ጫማ በሰኮንድ 400 ሜትር ገደማ ለቀቀው። በርሜሉ ንጹሕ ነበር፤ አሥሩም በ50 ሜትር ላይ በአንድ ጭብጥ ውስጥ ገቡ። በሁለተኛው ያንኑ አረር ያለ ጫማ ወደ 560 ሜትር አሳደገው፤ እርሳስ መለጠፍ ጀመረ፣ አረሮቹም ተበታተኑ። በሦስተኛው በዚያው ፍጥነት ጫማ አደረገለት። ንጹሕ ሆነ፣ ተሰበሰበም።

እኔ በጉጉት የጠበቅኩት አራተኛውን ነው። አረሩን በመጭመቂያ ወደ 8.15 አሳንሶ ጫማውን እንዳደረገ በዚያው 560 ለቀቀው። በጉሮሮው በኩል እርሳስ ተለጠፈ። ከሁለተኛው ዙር ያነሰ ነው፣ ግን ተለጠፈ። የላከልኝን ሥዕል ከእኛ ቤልጅግ ሥዕል አጠገብ አድርጌ ሳየው የመስመሩ አካሄድ አንድ ነው።

አሥር አሥር ጥይት ብዙ አይደለም፤ በአንድ ጠመንጃም ነው። ማስታወሻዬን ለማረም ግን በቃኝ። «ጫማ አለመኖር» የሚለውን ሰርዤ እንዲህ ጻፍኩ፦ አንደኛ፣ አረሩ በ0.12 ሚሊሜትር አንሷል። ሁለተኛ፣ እርሳሱ ለግፊቱ እጅግ ለስላሳ ነው። ሦስተኛ፣ ጫማ የለውም። ቅደም ተከተሉ በዋዛ የተደረደረ አይደለም። አንደኛው ሳይስተካከል ሦስተኛውን መጨመር የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ምንጣፍ መቀየር ነው። ሌላም አለ፦ ጫማ የሚገባበት አረር ከጀርባው ቀጠን ያለ ተረከዝ ይፈልጋል፤ ይህም በቅርጽ ማውጫው ላይ ሲቆረጥ የሚወጣ ነው። የብረት ሠሪው ቅርጽ ጀርባው ዝርግ ነው። መዳብ ቢገኝም የሚነክሰው አልነበረውም፤ በዝርግ ጀርባ ላይ በግድ የተለጠፈች ጫማ ደግሞ መንገድ ላይ ልትወልቅ፣ አረሩንም ልታሳስት ትችላለች።

አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ከፍጥነት አልጀምርም። አረርህ በርሜልህን ይሞላዋል ወይ እላለሁ መጀመሪያ። የሚሞላ ከሆነ የእርሳሱ ጥንካሬ ከግፊቱ ጋር ይመጣጠናል ወይ? ሁለቱም ተሟልተው በዝግታ የሚሄድ ከሆነ መዳብ አያሻውም፤ ወጪም ድካምም ነው። ሁለቱም ተሟልተው ከ450 ሜትር በላይ መሄድ የሚፈልግ ከሆነ፣ ያኔ ጫማዋ ቦታዋን አገኘች። ቅይጡን ማጠንከር ደግሞ ጥንካሬውን ብቻ አይደለም የሚቀይረው፤ አንቲሞኒ ያለበት እርሳስ ሲበርድ ከንጹሑ ያነሰ ስለሚሸበሸብ ከዚያው ቅርጽ ማውጫ ወፈር ያለ አረር ይወጣል። የአያ አባት ከስልክ ገመድ ይልቅ ጠንካራ ቅይጥ አግኝተው ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ በመጠኑ ይጠብ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይዘጋም።

ጠመንጃው ተመልሶ ቢቸና ሄዷል። አያን አደራ ያልኳቸው አንድ ነገር ነው፦ በርሜሉ ጸዳ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፤ ስንት ያልታወቀ ግፊት እንደተሸከመ አይታወቅምና አይተኮስበት። ተስማምተው ነው የሄዱት።

ከመሄዳቸው በፊት ቅርጽ ማውጫው ላይ በክር የማስረው ትንሽ ካርቶን ጻፍኩ፦ «ውስጡ 8.18፤ የሚያወጣው 8.10፤ በርሜሉ 8.22። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በቢቸና አካባቢ ብረት ሠሪ የተሠራ።» አያ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩ። «የሠራውንም ሰው ስም ጨምርበት» አሉና አሰቡ፣ አሰቡ፤ አልመጣላቸውም። መንደሩ ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ እንዳለ ነግረውኝ፣ ስሙን ጠይቀው እንደሚደውሉልኝ ቃል ገቡ። በካርቶኑ ላይ አንድ መስመር ባዶ ተውኩ።